የደረቀ እንጉዳይ ሲመሰክር

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ ለጥቂት ሰከንድ ይሰማል፤ ከዚያ ዝቅ ይላል)

  

የዛሬው ርዕሳችን እንጉዳይ ነው፤ በየሰፈሩ የጅብ ጥላ ስንለው ያደግነው። ነገር ግን ዝናብ ሲጥል ሜዳ ላይ ብቅ ስለሚለው ትኩስ እንጉዳይ አይደለም የምናወራው። ከተለቀመ ከ80 ዓመት በላይ ስለሆነው፣ ደርቆና ተጨማዶ በወረቀት ተጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ ስለተቀመጠ እንጉዳይ ነው።

እስቲ እናንተው መልሱልኝ። የማይበላ፣ የማይሸጥ፣ ቀለሙ የጠፋ፣ ቢነኩት የሚሰባበር እንጉዳይ ለማን ምን ይረባል? ለምንስ ክፍል ተሰጥቶት፣ ኃላፊ ተመድቦለት፣ ነቀዝ እንዳይበላው እየተጠበቀ ይቀመጣል?

መልሱን አብረን እንፈልጋለን። አንድ ነገር ብቻ አስቀድሜ ላሳስብ፤ ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታትና ወራት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

(ሙዚቃ ከፍ ብሎ ያበቃል)

የታሪካችን ባለቤት በሳይንስ ስሙ አማኒታ ፋሎይደስ ይባላል። እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች «የሞት ቆብ» ይሉታል። ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። በዓለም ላይ በእንጉዳይ መመረዝ ከሚሞቱት ሰዎች አብዛኞቹን የሚገድለው ይኸው እንጉዳይ ነው።

መልኩን ልግለጽላችሁ። ቆቡ ቢጫ ያዘለ አረንጓዴ ነው፤ አንዳንዴ ወደ ነሐስ ቀለም፣ አንዳንዴም ወደ ነጭ ያደላል። ቆቡን ገልብጣችሁ ብታዩ ከስሩ የተደረደሩት ስስ ንጣፎች ነጭ ናቸው። እግሩ ላይ እንደ ጨርቅ የተንጠለጠለ ቀለበት አለው። ከሥሩ ደግሞ፣ አብዛኛውን ጊዜ አፈር ውስጥ ተደብቆ፣ እግሩ የቆመበት ነጭ ከረጢት አለ። ይህችን ከረጢት ያዙልኝ፤ በኋላ እንመለስባታለን።

ጣዕሙስ? ክፋቱ እዚህ ላይ ነው። በልተውት ከሞት የተረፉ ሰዎች ጣፋጭ ነበር ይላሉ። አይመርርም፣ አያቃጥልም፣ አያስጠነቅቅም። መርዙ በመቀቀል አይጠፋም፤ በመጥበስ አይጠፋም፤ በማድረቅም፣ በማቀዝቀዝም አይጠፋም። የአንድ እንጉዳይ ግማሽ ቆብ እንኳ አዋቂ ሰው ሊገድል ይችላል።

ሌላም ክፋት አለው። የበላው ሰው ወዲያው አይታመምም። ስድስት ሰዓት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ምንም ሳይሰማው ይቆያል። ከዚያ ማስመለስና ከባድ ተቅማጥ ይጀምረዋል። ቀጥሎ የተሻለው ይመስላል። ቤተሰቡ «ተመስገን» ብሎ ፊቱን ሲያበራ፣ መርዙ ግን ጉበቱን እየጨረሰ ነው።

(አጭር ዝምታ)

ይህን የነገርኳችሁ ላስፈራራችሁ ብዬ አይደለም። የዛሬው ጥያቄያችን የሰው ሕይወት የሚነካ መሆኑን እንድታውቁልኝ ነው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ይህ እንጉዳይ በአሜሪካ፣ በተለይም በካሊፎርኒያ፣ ከጥንት ጀምሮ የነበረ ነው ወይስ ከሌላ አገር የመጣ?

ለምን እንጠይቃለን? ከጥንት የነበረ ከሆነ የሚበቅልበት ቦታ የታወቀና የተረጋጋ ነው ብለን ልናስብ እንችላለን። ከሌላ አገር የመጣ ከሆነ ግን ገና እየተስፋፋ ሊሆን ይችላል። ባለፈው ዓመት ያልነበረበት መናፈሻ ዘንድሮ ሊበቅልበት ይችላል። በልጅነታችሁ እንጉዳይ የለቀማችሁበት ጫካ የዛሬው ጫካ ላይሆን ይችላል ማለት ነው።

በሳን ፍራንሲስኮ ባሕረ ሰላጤ ዙሪያ፣ በኦክላንድና በሳን ሆዜ፣ ብዙ ወገኖቻችን እንደሚኖሩ ታውቃላችሁ። ይህ እንጉዳይ በብዛት ከሚበቅልባቸው የአሜሪካ አካባቢዎች አንዱ ያ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም።

(የሽግግር ሙዚቃ)

ታዲያ አንድ እንጉዳይ ከመቼ ጀምሮ እዚያ እንዳለ በምን ይታወቃል? ዛፍ ቢሆን ግንዱን ቆርጦ ቀለበቶቹን መቁጠር ይቻላል። እንጉዳይ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ በቅሎ፣ ፈርሶ፣ አፈር ይሆናል። ሽማግሌዎችን ብንጠይቅ አንዱ «ነበረ» ይላል፣ ሌላው «አልነበረም» ይላል።

መጽሐፍስ? መጽሐፍ አለ። ይህን እንጉዳይ ፈረንሳዊው የዕፅዋት ሊቅ ሴባስቲያን ቫያን በ1727 ገልጾታል። ከዚያ በኋላ ስሙ በብዙ መጻሕፍት ተጽፏል። በአሜሪካም ቻርልስ ሆርተን ፔክ የሚባል ታላቅ ሰው ነበረ። ከ1867 እስከ 1915 የኒው ዮርክ ግዛት የዕፅዋት ተመራማሪ ሆኖ ሠርቷል፤ ከ2,700 በላይ የፈንገስ ዝርያዎችን ለሳይንስ ያስተዋወቀ ሰው ነው። ፔክ ይህን እንጉዳይ በአሜሪካ አግኝቼዋለሁ ብሎ መዝግቦታል።

እንግዲህ ነገሩ አለቀ አይደል? እንዲህ ያለ ሊቅ «አለ» ካለ አለ ነው።

ግን አላለቀም። በ1918 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የነበረው ጆርጅ አትኪንሰን ከምሥራቅ አሜሪካ የተሰበሰቡትን ናሙናዎች አገላብጦ አየና እነዚህ ሌላ ዝርያ ናቸው አለ። ቆባቸው ቡናማ፣ ከእግራቸው በታች ያለው እብጠት የተሰነጣጠቀ ነበር። አትኪንሰን ለዚያ ዝርያ አማኒታ ብሩኔሰንስ የሚል አዲስ ስም አወጣለት።

ልብ በሉልኝ፤ አትኪንሰን ይህን ሊያውቅ የቻለው ናሙናው ስለነበረ ነው። መጽሐፍ ላይ የተጻፈ ስም ብቻውን ሊመረመር አይችልም። «አማኒታ ፋሎይደስ አየሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር ብታነቡ፣ ያየው ሰው ትክክል ይሁን ይሳሳት በምን ታውቃላችሁ? እንጉዳዩ ራሱ ከተቀመጠ ግን ከመቶ ዓመት በኋላም ሌላ ሰው መጥቶ ሊያየው ይችላል።

ለፔክም ክብር ይግባውና፣ የለቀመውን እያደረቀ ማስቀመጡ ስሕተቱ ከጎዳን በላይ ጠቅሞናል።

(ሙዚቃ ለአፍታ)

አሁን ወደ ማስቀመጫው ክፍል እንግባ። የደረቁ ዕፅዋት ከነመረጃቸው የሚቀመጡበት ቦታ ሄርባሪየም ይባላል። ለፈንገሶችና ለእንጉዳዮች ብቻ የተለየ ሲሆን ፈንጋሪየም የሚሉትም አሉ። በለንደን የሚገኘው የኪው ዕፅዋት ማዕከል ከ1 ሚሊዮን 250 ሺህ በላይ የፈንገስ ናሙናዎች አሉት። ጥንታዊዎቹ በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን የተለቀሙ ናቸው።

አንዱን ፖስታ በዓይነ ሕሊናችሁ ክፈቱልኝ።

(የወረቀት መታጠፊያ ሲፈታ የሚሰማ ድምፅ)

ፖስታው ከወፍራም ወረቀት የታጠፈ ነው፤ ሙጫ የለውም። ውስጡ እንጉዳዩ ለሁለት ተሰንጥቆ ተቀምጧል። አረንጓዴው ቀለም ጠፍቶ ቡናማ ሆኗል። እንጉዳይ አብዛኛው አካሉ ውኃ ነውና መዳፍ የሚሞላው ቆብ ተኮማትሮ የሁለት ጣት ስፋት ቀርቶታል። ከጎኑ ትንሽ ወረቀት አለች፤ ቆቡ ትኩስ ሳለ አንድ ሌሊት ተደፍቶባት ስላደረ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ቀርቶባታል። ያ ዱቄት የእንጉዳዩ ዘር ነው፤ ስፖር ይባላል።

ከፖስታው ላይ የተለጠፈ መለያ ወረቀት አለ። በላዩ ላይ አራት ነገሮች ተጽፈዋል። ማን ለቀመው? የት ለቀመው? መቼ ለቀመው? ከምን ዛፍ ስር ለቀመው? ጎበዝ ለቃሚ ከሆነ ደግሞ ትኩስ ሳለ የነበረውን ቀለምና ሽታ ይጨምርበታል፤ እነዚህ ሲደርቅ የሚጠፉ ናቸውና።

አሁን ደግሞ እኔን በጣም የሚያስደስተኝን ነገር ልንገራችሁ። ከዋናው መለያ በታች ሌሎች ትናንሽ ወረቀቶች ተለጥፈዋል። ከሠላሳ ዓመት በኋላ የመጣ አንድ ባለሙያ ናሙናውን አይቶ ስሙ ትክክል አይደለም ሲል፣ የቀድሞውን ስም አይሰርዝም። ከበታቹ አዲስ ወረቀት ይለጥፋል፤ ትክክል ነው የሚለውን ስም፣ የራሱን ስምና ዓመቱን ይጽፋል። ቀጥሎ የሚመጣውም እንዲሁ። ስለዚህ አንዲት ፖስታ ላይ የሦስት ትውልድ ሊቃውንት ክርክር፣ ማንም የማንንም ቃል ሳያጠፋ፣ ተቀምጦ ታገኛላችሁ።

ማን፣ የት፣ መቼ፣ ከምን ዛፍ ስር። እነዚህን አራቱን አትርሱ። ከነዚህ አንዱ የጎደለው ናሙና ዋጋው ወዲያው ይቀንሳል። ቀኑ ካልተጻፈ የዘመን ጥያቄ አይመልስም። ቦታው ካልተጻፈ ካርታ ላይ አይሰፍርም።

(ሙዚቃ)

ወደ ካሊፎርኒያ እንመለስ። በ2006 አን ፕሪንግልና ኤልሳ ቬሊንጋ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ስለዚህ እንጉዳይ በአሜሪካ የተጻፈውን ሁሉ ሰብስበው መረመሩ። በምሥራቁ ጠረፍ የተገኘው እውነተኛው አማኒታ ፋሎይደስ ከውጭ የመጣ ነው አሉ። የምዕራቡን ጠረፍ ግን ሊወስኑ አልቻሉም። ለምን ይመስላችኋል? የድሮ መረጃው በጣም ጥቂት ስለነበረ ነው። በጊዜው እንጉዳዩን ለቅሞ፣ አድርቆ፣ ጽፎ ያስቀመጠ ሰው ጥቂት ነበር።

ፕሪንግልና የሥራ ባልደረቦቿ ግን በዚህ አላበቁም። በ2009 ባወጡት ጥናት ወደ ፖስታዎቹ ሄዱ። ከደረቁት እንጉዳዮች ላይ ከጥፍር ያነሰች ቁራጭ እየወሰዱ ዲኤንኤውን አነበቡ። ዲኤንኤ በዘመን ብዛት ይሰባበራል፤ ቢሆንም በደንብ ደርቆ ከተቀመጠ ናሙና ዝርያን ለመለየት የሚበቃ ቁራጭ ይገኛል።

ምን አገኙ መሰላችሁ? አማኒታ ፋሎይደስ ተብለው ከተቀመጡት የቀደሙ ናሙናዎች መካከል ሌላ ዝርያ የሆኑ ነበሩ። ስሙ ተጽፎባቸዋል፣ እንጉዳዩ ግን ሌላ ነው። እነዚያን ብናምን ኖሮ «ድሮም ነበረ» ብለን እንደመድም ነበር።

በትክክል እሱ ሆኖ የተገኘው የካሊፎርኒያ የመጀመሪያ ናሙና የተለቀመው በ1938 ነው። የት? ጫካ ውስጥ አይደለም። በሞንተሬይ ከተማ ዴል ሞንቴ በሚባል ዝነኛ ሆቴል ግቢ ውስጥ ነው። ያ ግቢ ዛሬ የአሜሪካ ባሕር ኃይል የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ነው። ቀጣዩ ናሙና በ1945 ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የተለቀመ ነው።

(አጭር ዝምታ)

የሆቴል ግቢ። የዩኒቨርሲቲ ግቢ። ሁለቱን ምን ያመሳስላቸዋል? እስቲ አስቡት።

ሁለቱም ሰው ለውበት ከሩቅ አገር ያመጣቸውን ዛፎች የሚተክልባቸው ቦታዎች ናቸው። እንጉዳዩ ደግሞ ብቻውን የሚኖር ፍጥረት አይደለም። ከዛፍ ሥር ጋር ተጣብቆ ይኖራል፤ ፈንገሱ ለዛፉ ከአፈር ውኃና ማዕድን ያቀብለዋል፣ ዛፉም በቅጠሉ ካዘጋጀው ስኳር ያካፍለዋል። በአውሮፓ ወዳጁ በዋናነት የኦክ ዛፍ ነው። ዛፍ ከነሥሩና ከነአፈሩ በመርከብ ተጭኖ ሲመጣ፣ ሥሩ ላይ ያለው ፈንገስ ማንም ሳያየው አብሮ ይመጣል። ሳይንቲስቶች ይህ እንጉዳይም በዚሁ መንገድ እንደተጓዘ ይገምታሉ።

የዲኤንኤው ጥናትም ይህንኑ ደግፏል። የአውሮፓው እንጉዳይ እርስ በእርሱ ብዙ ልዩነት አለው። የካሊፎርኒያው ግን ልዩነቱ አነስተኛ ነው፤ አውሮፓ ውስጥ የሌለ የራሱ የሆነ መለያም አልተገኘበትም። ጥቂቶች መጥተው የተባዙበት ቦታ የሚያሳየው ምልክት ይህ ነው።

ስለዚህ ለጥያቄያችን መልስ ተገኘ። እንጉዳዩ ከአውሮፓ የመጣ ነው፤ እየተስፋፋም ነው። ይህን መልስ ያስገኘው ምንድን ነው ብትሉኝ፣ በ1938 አንድ ሰው ከሆቴሉ ግቢ እንጉዳዩን ነቅሎ፣ አድርቆ፣ ቀንና ቦታ ጽፎ ማስቀመጡ ነው። ያ ሰው ዲኤንኤ የሚባል ነገር ይነበባል ብሎ ሊያስብ አይችልም ነበር። ዲኤንኤ ምን ዓይነት ቅርጽ እንዳለው እንኳ የታወቀው ከዚያ 15 ዓመት ቆይቶ፣ በ1953 ነው።

(የሽግግር ሙዚቃ)

ታሪኩ ወደ ሰሜንም ይቀጥላል። በካናዳ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ይኸው እንጉዳይ መጀመሪያ የታየው ከውጭ በመጡና ሰው በተከላቸው ዛፎች ስር ነበር። ኋላ በቪክቶሪያ ከተማ አካባቢ ከአገሬው ኦክ ዛፍ ስር ተገኘ፤ ተመራማሪዎችም ይህን በ2017 አሳተሙ። ከእንግዳ ዛፍ ወደ አገሬው ዛፍ ተሻገረ ማለት ነው። ይህን መሻገር ማወቅ የሚቻለው እንጉዳዩ ከምን ዛፍ ስር እንደበቀለ ሲጻፍ ነው። ከምን ዛፍ ስር? ብለን ስንጠይቅ የነበረው ለዚህ ነው።

በዚያችው ከተማ በ2016 የሦስት ዓመት ሕፃን ይህን እንጉዳይ በልቶ ሕይወቱ አልፏል። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር በሰሜን ካሊፎርኒያ 14 ሰዎች ተመርዘው ሆስፒታል ገቡ። ሁሉም ተርፈዋል፤ ሦስቱ ግን ጉበታቸው ተቀይሮላቸው ነው።

ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ፖይንት ሬየስ በሚባለው የባሕር ዳርቻ ጥብቅ ስፍራ ከ1993 ጀምሮ የተለቀሙ ናሙናዎች ተቀምጠዋል። በ2023 የወጣ ጥናት እነዚህን ከአዳዲሶቹ ጋር አነጻጽሮ፣ አንዱ ፈንገስ አፈር ውስጥ ቢያንስ ለ17 ዓመት መኖሩን አሳየ። ከላይ የምናየው እንጉዳይ በቀናት ውስጥ ይጠፋል፤ ከታች ያለው አካሉ ግን ልጅ ተወልዶ እስኪጎረምስ ይቆያል። ይህን ማወቅ የተቻለው የድሮውና የአዲሱ እንጉዳይ ጎን ለጎን ስለተነበቡ ነው።

አንድ ሌላ ምሳሌ፣ ባጭሩ። በኖርዌይ ተመራማሪዎች ሄርባሪየም ውስጥ ካሉ የብዙ ዝርያ እንጉዳዮች መለያ ላይ ቀኑን ብቻ እያነበቡ፣ ከ1940 እስከ 2006 የተለቀሙትን በሺዎች የሚቆጠሩ ናሙናዎች አነጻጸሩ። ከ1980 ወዲህ እንጉዳዮቹ የሚወጡበት ጊዜ በአማካይ ወደ 13 ቀን ገደማ ዘግይቶ አገኙት። የአየር ንብረት ለውጥ ምልክት ነው። ለቃሚዎቹ ቀን ሲጽፉ ስለ አየር ንብረት አላሰቡም፤ ቀኑ ግን ሌላ ሥራ ሠራ።

(ሙዚቃ ለአፍታ)

እዚህ ላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውን ነገር ልንገራችሁ። የሄርባሪየም መዝገብ ሁሉን አያውቅም። ለቃሚው ሰው ነው፤ መንገድ ባለበት፣ በእረፍቱ ቀን፣ ከሚኖርበት ከተማ አቅራቢያ ይለቅማል። ካርታ ላይ ባዶ የሆነ ቦታ ስታዩ «እዚህ እንጉዳይ የለም» ብላችሁ አትደምድሙ። ምናልባት ማንም አልሄደበትም። ባዶ ቦታና እንጉዳይ የሌለበት ቦታ አንድ አይደሉም። ይህን ደግሜ ልበለው፤ ባዶ ቦታና እንጉዳይ የሌለበት ቦታ አንድ አይደሉም።

እኛስ ጋ? በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም አለን። የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፅዋት ዝርዝር የወጣባቸው ስምንት ቅጽ መጻሕፍት የተዘጋጁት እንዲህ ባሉ የደረቁ ናሙናዎች ላይ ተመርኩዘው ነው። በ1980 ተጀምሮ በ2009 የተጠናቀቀ ትልቅ ሥራ ነው፤ ልንኮራበት ይገባል። እንጉዳዮቻችን ግን ያን የሚያህል መዝገብ ገና አላገኙም።

ዕውቀቱ ግን በሰው ዘንድ አለ። በደቡብ ምዕራብ የሚኖሩት መዠንግሮች የትኛው እንደሚበላ፣ የትኛው እንደማይበላ፣ በየትኛው ወቅት እንደሚወጣ ከትውልድ ትውልድ ሲቀባበሉ ኖረዋል። ምስጥ በሠራው ኩይሳ ዙሪያ የሚበቅለውን ጣፋጭ እንጉዳይ የሚያውቁ እናቶች በብዙ አካባቢ አሉ። እነዚህ እናቶች የሚያውቁት ነገር ከናሙናና ከመለያ ወረቀት ጋር ቢገናኝ ምን ያህል በተማርን! እኔ ይህ ሥራ አስቸኳይ ነው ባይ ነኝ። ጫካው ሲመነጠር እንጉዳዩ ይጠፋል፤ አዋቂዎቹም ያልፋሉ።

እንግዳ ዛፍም በአገራችን አለ። ፓቱላ የሚባለው የጥድ ዓይነት ከሜክሲኮ የመጣ ነው። የዚህ ዓይነት ጥድ ያለ ሥር ወዳጁ ፈንገስ በወጉ አያድግም። ስለዚህ ዛፉ በተተከለበት ሁሉ ከውጭ የመጣ ፈንገስ አብሮት አለ። የትኛው ፈንገስ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ በየትኛው ተከላ? ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ዛሬ የተለቀመ፣ ቀን የተጻፈበት ናሙና ያስፈልጋል።

(የሽግግር ሙዚቃ)

በየኮሌጁ ባዮሎጂ የምትማሩና የምታስተምሩ አድማጮቻችን፣ አሁን ለእናንተ ነው። ናሙና እንዴት ይዘጋጃል?

መጀመሪያ ትኩስ እንጉዳዩን በቦታው ሳለ ፎቶ አንሱት፤ ከላይም፣ ከጎንም፣ ከቆቡ ስርም። ቀለሙንና ሽታውን ጻፉ። ከምን ዛፍ ስር እንደሆነ ጻፉ። የዛፉን ስም ካላወቃችሁ ቅጠሉን ቁረጡና አብራችሁ ያዙ።

ከዚያ እንጉዳዩን በቢላ አትቁረጡት። ከሥሩ ቆፍራችሁ አውጡት። ለምን? ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ ከረጢት ትዝ አለቻችሁ? ከአፈር ውስጥ ናት። በቢላ የተቆረጠ እንጉዳይ ዋናውን መለያውን መሬት ውስጥ ትቶ ይመጣል። ይህን መርዘኛ እንጉዳይ ለመለየት የምትረዳው ከረጢት እዚያው ትቀራለች።

ለማጓጓዝ በወረቀት ጠቅልሉት፤ በላስቲክ ከረጢት አይሁን፤ ይሻግታል። ስትደርሱ በ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ አየር በሚዘዋወርበት ቦታ አድርቁት። ሙቀቱ ከበዛ ይበስላል፤ ከበሰለ ዲኤንኤው ይበላሻል። ሲሰበር «ቀጭ» የሚል ድምፅ ሲያሰማ ደርቋል። በወረቀት ፖስታ አድርጋችሁ መለያውን ጻፉ። ማን፣ የት፣ መቼ፣ ከምን ዛፍ ስር። በእርሳስ ወይም በማይለቅ ቀለም ጻፉት። ልብ አድርጉ፤ ለናሙና የለቀማችሁትን አትቅመሱ፤ እጃችሁንም ታጠቡ።

(ሙዚቃ ከስር ይገባል)

ልንሰነባበት ነው፤ ግን ከመለያየታችን በፊት ለሁላችሁም፣ በተለይም በካሊፎርኒያ፣ በካናዳና በሜልበርን ለምትኖሩ የምነግራችሁ አለኝ። በአውስትራሊያም በካንቤራና በሜልበርን ይህ እንጉዳይ ከኦክ ዛፎች ስር ይበቅላል። ከሜዳ የለቀማችሁትን እንጉዳይ፣ የሚያውቀው ባለሙያ በእጁ ይዞ ካላረጋገጠላችሁ በስተቀር አትብሉ። አገር ቤት የምታውቁትን ቢመስልም አትብሉ።

በልታችሁ ከተገኛችሁ ግን ሕመም እስኪጀምር አትጠብቁ። አሜሪካ ያላችሁ በ1-800-222-1222፣ አውስትራሊያ ያላችሁ በ13 11 26 ወደ መርዝ መረጃ ማዕከል ደውሉ፤ ኢትዮጵያም ሆነ ሌላ አገር ያላችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ሂዱ። የተረፈውን እንጉዳይ፣ ያልበሰለውንም፣ ከማድቤቱ የተጣለውን ግንጣይ ጭምር፣ በወረቀት ጠቅልላችሁ ይዛችሁ ሂዱ። በምን ሰዓት እንደበላችሁና ከየት እንደለቀማችሁት ወረቀቱ ላይ ጻፉበት። ሐኪሙ የትኛው መርዝ እንደሆነ ለማወቅ ያ ይረዳዋል።

በሚቀጥለው ሳምንት በዚሁ ሰዓት ስለ ምስጥና ስለ ኩይሳ እንጉዳይ ዝግጅት ይዘን እንቀርባለን። 

(የመለያ ሙዚቃ ከፍ ብሎ ዝግጅቱን ይዘጋል)